አፈሙዙ ዝቅ ሲል

እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1941 ማለዳ ላይ የእንግሊዝ ታንኮች በግብፅና በሊቢያ ወሰን አጠገብ ወደሚገኘው የሐልፋያ መተላለፊያ እየተጠጉ ነበር። ማቲልዳ የሚባሉት ናቸው። ፊታቸው 78 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት ተለብጧል፤ በጊዜው በሰሜን አፍሪካ በብዛት የነበሩት የጣሊያንና የጀርመን ፀረ ታንክ መድፎች ከሩቅ ቢተኩሱበት ጥይቱ ነጥሮ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ፍጥነታቸው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ነው። የሚያስቸኩላቸው ነገርም አልነበረም፤ በአፍሪካ ምድር እስከዚያ ቀን ድረስ ደፍሮ ያስቆማቸው እምብዛም ነው።

ከመተላለፊያው አናት ላይ የሚጠብቃቸውን ጦር የሚያዝዘው ሻምበል ቪልሄልም ባኽ ከጦርነቱ በፊት ፓስተር ነበር። ታንኮቹ እስኪቀርቡ ድረስ አንድም ሰው እንዳይተኩስ አዟል። በድንጋዩ መካከል 4 ትልልቅ መድፎች ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ገብተዋል፤ ከመሬት በላይ የሚታየው በርሜላቸው ብቻ ነው፤ እሱም ከአፈሩ ብዙ አይርቅም። ታንኮቹን በተኩስ ይደግፋል የተባለው የእንግሊዝ የመድፍ ባትሪ ደግሞ አሸዋ ይዞት ወደ ኋላ ቀርቷል።

ተኩሱ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ታንኮች ባሉበት ቆሙ። የስኳድሮኑ አዛዥ ታንኮቹ እየተበጣጠሱ መሆኑን በሬዲዮ ተናገረ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ከስኳድሮኑ የተረፈ ታንክ ከሞላ ጎደል አልነበረም። “ባትልአክስ” የተባለው ያ ዘመቻ በሦስተኛው ቀን ሲከሽፍ እንግሊዞች 90 ያህል ታንክ አጥተው ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ታንኮቹን ከእንግሊዝ በሜዲትራኒያን በኩል፣ የጠላት አውሮፕላንና ባሕር ሰርጓጅ በሚያደባበት መስመር፣ በመርከብ አሳልፎ ያስላከው ዘመቻው ከመጀመሩ ከአንድ ወር በፊት ነው። ዘመቻው በከሸፈ በቀናት ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅ አዛዥ የነበረውን ጄኔራል ዌቭልን ከቦታው አነሳው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐልፋያ ላይ ታንኮቹን ያስቆሙት 4 መድፎች ለታንክ የተሠሩ አልነበሩም። አውሮፕላን ለመጣል የተሠሩ ናቸው። የጀርመኑ 88 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፍ ነው፤ ወታደሩ ግን በቁጥሩ ብቻ “ሰማንያ ስምንት” ይለዋል።

መድፉን የነደፉት የክሩፕ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። የቬርሳይ ውል ጀርመንን ከባድ መሣሪያ እንዳትሠራ ስለከለከላት፣ መሐንዲሶቹ ወደ ስዊድን ተሻግረው ከቦፎርስ ኩባንያ ጋር ሲሠሩ ቆዩ፤ መድፉም በ1933 ሥራ ላይ ዋለ። ዓላማው አንድ ነበር፤ በብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ የሚበር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከመራቁ በፊት ጥይት ማድረስ። ለዚህ ደግሞ ጥይቱ እጅግ ፈጣን መሆን አለበት፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 800 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዒላማው በሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ መድፉ በመስቀል ቅርጽ መቀመጫው ላይ ዙሪያውን ይሽከረከራል። አውሮፕላን በተኩስ ክልል ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ መዝጊያው ባዶውን ቀለህ ራሱ ይተፋል፤ አዲስ ጥይት ሲገባም ራሱ ይዘጋል። የሰለጠነ ቡድን በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጥይት ይተኩስበታል።

አሁን አፈሙዙን ዝቅ አድርገን እንየው። በሰከንድ 800 ሜትር የሚሄድ ጥይት 1,500 ሜትር ርቆ ወዳለ ታንክ ለመድረስ 2 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማቲልዳው 8 ሜትር ያህል ቢጓዝ ነው። ጥይቱ ፈጣን በመሆኑ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ተኳሹ ርቀቱን በ100 ሜትር ቢስት እንኳ ታንኩን የመሳት ዕድሉ ትንሽ ነው። ጉልበቱንም ማስላት ቀላል ነው። ጀርመን ጦርነቱን የጀመረችበት 37 ሚሊ ሜትር ፀረ ታንክ መድፍ የሚተኩሰው ጥይት 700 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የ88ቱ ብረት በሺ ጥይት 9 ኪሎ ተኩል ነው። ፍጥነታቸው ስለሚቀራረብ፣ ትልቁ የሚያርፈው የትንሹን 15 እጥፍ ያህል ጉልበት ይዞ ነው። ታንኩ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆንም ያ ጉልበት ብረቱን ለመብሳት ይተርፋል።

የ88ቱን ጉልበት ያሳወቀው ሐልፋያ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ግን አይደለም። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሂትለር ለጄኔራል ፍራንኮ የላከው የኮንዶር ሌጌዎን ይህንኑ መድፍ ይዞ ዘምቶ ነበር፤ የሪፐብሊካኑ አውሮፕላኖች ሲመናመኑ መድፈኞቹ አፈሙዙን ወደ ምሽግና ወደ መትረየስ ጎጆ አዞሩት። ከስፔን የተመለሱት መኮንኖች ያዩትን ጻፉ። በመድፉ ላይ ለቀጥታ ተኩስ የሚሆን መነጽር ተገጠመ፤ ብረት በሺ ጥይት ተመርቶ ከሌላው ጥይት ጋር ታደለ፤ ባትሪዎቹም ምድር ላይ ያለ ዒላማ መምታትን በልምምዳቸው ውስጥ አስገቡ። ይህ ሁሉ ያለቀው አንድ የእንግሊዝ ታንክ እንኳ ፊታቸው ከመቆሙ በፊት ነው።

ሜይ 21 ቀን 1940 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በአራስ ከተማ አጠገብ የታየው የዚሁ ውጤት ነው። ሁለት የእንግሊዝ የታንክ ሬጅመንቶች፣ 4ኛውና 7ኛው፣ በጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል 7ኛ የፓንዘር ክፍለ ጦር ጎን ላይ ድንገት ወረዱበት። የ37 ሚሊ ሜትሮቹ ጥይት በማቲልዳዎቹ ላይ እየነጠረ ወደቀ፤ መድፈኞቹ እየሸሹ የሮሜል መስመር ሊበጠስ ተቃረበ። ሮሜል ራሱ ከመድፍ ወደ መድፍ እየሮጠ ዒላማ ሲያሳይ ረዳት መኮንኑ ከጎኑ ተመትቶ ሞተ። በመጨረሻ ጥቃቱን ያቆሙት የሜዳ መድፎችና 88ቶች ናቸው። የ4ኛው ሬጅመንት አዛዥም በዚያው ዕለት ተገደለ።

የዚህን 4ኛ ሬጅመንት መንገድ ማስታወስ ለእኛ አካባቢ አንባቢ ሌላ ትርጉም አለው። ከአራስ ከ8 ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 1941 መጨረሻ፣ የሬጅመንቱ አንድ ስኳድሮን ማቲልዳዎቹን ይዞ ኤርትራ ውስጥ ነበር። አቆርዳት ላይ ጥቂት ማቲልዳዎች ወደ ፊት ሲወጡ ጣሊያኖች የነበራቸው መድፍ አልበሳቸውም፤ የጣሊያን ታንኮችም አልቻሏቸውም። አቆርዳት ተያዘች፤ የከረን መንገድ ተከፈተ። ከረን በማርች ስትወድቅ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ዕጣ ተወሰነ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሜይ 5 አዲስ አበባ ገቡ። ማቲልዳን የማይበገር ያስመሰለው እንዲህ ያለ ድል ነው። ሐልፋያ ላይ የተቃጠለው ስኳድሮን የዚሁ ሬጅመንት ሌላኛው ስኳድሮን ነበር። ከአቆርዳት እስከ ሐልፋያ 5 ወር አይሞላም።

እንግዲህ አንድ ሬጅመንት በዓመት ከአንድ ወር ልዩነት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያንኑ መድፍ ተጋፍጦ ሁለቱንም ጊዜ ተመታ። ለምን አልተማረም? የመልሱ አንድ ክፍል ታንኩ ውስጥ ነው። የማቲልዳ መድፍ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጊዜው የሚተኩሰው ጠጣር ብረት ብቻ ነበር፤ ሲያርፍ የሚፈነዳና ፍንጣሪ የሚበትን ጥይት አልታደለውም። ጠጣር ብረት ታንክን ይበሳል፤ በድንጋይ መካከል የተቀበረ መድፍን ግን ቀጥታ ካላገኘው ምንም አያደርገውም። የታንኩ መትረየስ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይበቃም። ስለዚህ 88ቱ በ1,500 ሜትር ሲተኩስ ማቲልዳው መልስ የሚሰጥበት ነገር በእጁ የለም፤ ወይ መገስገስ፣ ወይ መሸሽ ነው። የ88 መድኃኒቱ ሌላ ታንክ አልነበረም። ከኋላ ሆኖ ቅንቡላ የሚያዘንብ የሜዳ መድፍ፣ ጭስ፣ በሌሊት የሚጠጋ እግረኛ ነበር። ሐልፋያ ላይ አሸዋ የያዘው የመድፍ ባትሪ ታሪክ በዘገባዎች ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ግን ከማንኛውም የጀርመን ጀግንነት በላይ የዚያን ቀን ዕጣ የወሰነው እሱ ይመስለኛል።

88ቱም የራሱ ድክመት ነበረበት። ከተተከለ በኋላ እንኳ 5 ቶን ይመዝናል፤ ሰው ገፍቶ ቦታ አያስለውጠውም። ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ጉድጓድ ካልተቆፈረለት ከሩቅ ይታያል፤ በድንጋያማ መሬት ያን ጉድጓድ መቆፈር ደግሞ የሰዓታት ሥራ ነው። አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ሲተኩስ የሚወጣው ንፋስ የበረሃውን አቧራ ያስነሳዋል፤ ተኳሹ ዒላማውን ማየት ያቅተዋል፣ ጠላት ግን አቧራውን አይቶ ቦታውን ያውቃል። ቡድኑ 10 ያህል ሰው ነው፤ አንዱ አፈሙዙን ያወጣል ያወርዳል፣ ሌላው ወደ ጎን ያዞራል፣ የቀሩት ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያንሰውን፣ 15 ኪሎ የሚከብደውን ሙሉ ጥይት ይቀባበላሉ። አጉራሹ እጁን ከጋለው መዝጊያ ለመከላከል ወፍራም ጓንት አጥልቆ ጥይቱን በጡጫው ይገፋዋል። ታንክ በመቱ ቁጥር በበርሜሉ ላይ ነጭ ቀለበት ይቀባሉ።

በሰሜን አፍሪካ የሮሜል ረዳት የነበረው ሃይንዝ ቬርነር ሽሚት በማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ያነሳል። የተማረከ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ለአውሮፕላን የተሠራ መድፍ በታንክ ላይ መተኮስ ከጨዋታ ሕግ ውጭ ነው ብሎ ተማርሮ ነበር ይላል። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ያ መኮንን የራሱ ጦር ያለውን አላወቀም፣ ወይም አውቆ አላሰበበትም። እንግሊዝ 88ቱን የሚስተካከል መድፍ ነበራትና!

ባለ 3.7 ኢንች ፀረ አውሮፕላን መድፍ ይባላል፤ በእኛ ልኬት 94 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ 12.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ88ቱ ይከብዳል፣ ፍጥነቱም አያንስም። በግብፅ በብዛት ነበረ። ታንኮቹ በሐልፋያ ሲነዱ እነዚህ መድፎች በእስክንድርያ፣ በካይሮና በስዊዝ ቦይ ዙሪያ ሰማዩን እያዩ ተቀምጠዋል።

ለምን አልወጡም? ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ሁሉም ደግሞ ሞኝነት አይደሉም። መድፉ ከባድ ነው፤ ተንቀሳቃሹ ዓይነት ከ9 ቶን ያልፋል። የተነደፈው ተኳሹ ዒላማውን በዓይኑ እንዳያይ ተደርጎ ነው፤ ዒላማውን የሚያሰላ መሣሪያ ቁጥሩን በኤሌክትሪክ ይልክለታል፣ ተኳሹም የሰዓት መልክ ያለውን ጠቋሚ እየተከተለ መዘውሩን ያዞራል። ለአውሮፕላን ግሩም ነው። ታንክ ከአሸዋው ብቅ ሲል ግን ያ ተኳሽ የሚያነጣጥርበት መነጽር የለውም። ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ መተኮስም መቀመጫውን ያናጋዋል ተብሎ ይፈራ ነበር። ብረት በሺ ጥይትም በበቂ አልቀረበም። ከሁሉ በላይ የአዛዦቹ ነገር አለ፤ ፀረ አውሮፕላን መድፍ የወደብና የከተማ ንብረት ነው። አንድ ባትሪ ወደ በረሃ ልኮ እስክንድርያ ላይ ያለ የጦር መርከብ ቢመታ ተጠያቂው ማን ነው? በዚያን ዓመት ለንደንም በቦምብ ስትታረስ ከርማለች። የእንግሊዝ መኮንን ሰማይን ባዶ መተው የሚለውን ሐሳብ በቀላሉ የሚቀበልበት ጊዜ አልነበረም።

እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው አሳማኝ ናቸው። አንድ ላይ ሲያዩዋቸው ግን ሁሉም ከጦርነቱ በፊት ሊፈቱ የሚችሉ ነበሩ። ጀርመኖች መነጽሩን፣ ጥይቱንና ልምምዱን ያሟሉት በሰላም ጊዜ ነው። ሐልፋያ ላይ ልዩነት የፈጠረው ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ሁለቱ ብረቶች ያን ያህል አይራራቁም። በጁን 1942 ቶብሩክ ስትወድቅ ጥቂት 3.7 ኢንች መድፎች ከጀርመን ታንኮች ጋር ፊት ለፊት ተታኩሰው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ከተማዋን የሚያድናት ነገር አልነበረም።

ሳይሰለጥኑ አፈሙዝ ማውረድ ምን እንደሚያስከፍል ስታሊንግራድ ታሳያለች። ኦገስት 23 ቀን 1942 የጀርመን 16ኛ የፓንዘር ክፍለ ጦር ከዶን ወንዝ ተነስቶ በአንድ ቀን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ገስግሶ ከከተማዋ ሰሜን ቮልጋ ዳር ደረሰ። በመንገዱ የጠበቀው 1077ኛው ፀረ አውሮፕላን ሬጅመንት ነበር። በሬጅመንቱ ውስጥ ወጣት ሴቶች ይበዛሉ፤ ብዙዎቹ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጡ አልቆዩም። ምድር ላይ ያለ ዒላማ መምታት አልተማሩም፣ ከፊታቸውም እግረኛ ጦር አልነበረም። በዚያው ሰዓት ከራሳቸው በላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ከተማዋን ያነዷታል፤ ማለትም ዋና ሥራቸው ከላይ እየጠራቸው ነው። ከፊታቸው ደግሞ ታንክ አለ። አፈሙዙን አወረዱ። ጀርመኖቹ የሬጅመንቱን 37 መድፎች አንድ በአንድ እስኪያወድሙ ድረስ ውጊያው እስከ ማግስቱ ቀጠለ፤ ምሽጉ ውስጥ ሲገቡ ሲታኮሷቸው የዋሉት ሴቶች መሆናቸውን አይተው እንደደነገጡ የራሳቸው ዘገባ ይናገራል። የሶቪየት ወገን ሬጅመንቱ 83 ታንክ አወደመ ይላል። የጦር ሜዳ ቁጥር እንዲህ ያለ ቀን ላይ መቼም ይጋነናል፤ ክፍለ ጦሩ መዘግየቱን ግን ሁለቱም ወገን ይስማማበታል።

ሶቪየቶች ከ85 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፋቸው ያገኙት ትምህርት በከንቱ አልቀረም። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥይቱና በርሜሉ ተሻሽለው ቲ-34-85 የተባለው ታንክ ራስ ላይ ወጡ። በሌላውም ወገን እንዲሁ ነው፤ የጀርመኑ ታይገር ታንክ መድፍ የ88ቱ ልጅ ነው፤ አሜሪካኖችም 90 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፋቸውን በፐርሺንግ ታንክ ላይ ገጠሙት።

ጀርመኖች ራሳቸውም ቢሆኑ መድፉ የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አልጨረሱትም። 88ቱ በአብዛኛው የጎሪንግ አየር ኃይል ንብረት ነበር። ኮሎኔል ሃንስ ፎን ሉክ በማስታወሻው እንደሚተርከው፣ ጁላይ 18 ቀን 1944 በኖርማንዲ ካኚ መንደር የእንግሊዝ ታንኮች ሲጎርፉ፣ አፈሙዛቸውን ወደ ሰማይ ያቀኑ 4 የአየር ኃይል 88ቶች አገኘ። ታንኮቹን ምታ ቢለው ወጣቱ የባትሪ አዛዥ የእኔ ሥራ አውሮፕላን ነው፣ ትእዛዝ የምቀበለውም ከአየር ኃይል ነው አለው። ፎን ሉክ ሽጉጡን መዝዞ፣ ወይ ትሞታለህ ወይ ትሸለማለህ አለው ይባላል። በኋላ አንድ የታሪክ ጸሐፊ የዚያን ቀን የአየር ላይ ፎቶግራፎች መርምሮ መድፎቹ በቦታው መኖራቸውን ተጠራጥሯል። ሽጉጡ እውነት ይሁን አይሁን፣ ክርክሩ ግን እውነተኛ ነው፤ በኖርማንዲ የአየር ኃይሉ የመድፍ አዛዦች ባትሪዎቻቸውን ለታንክ ውጊያ መበተን አይፈልጉም ነበር።

እነሱንም መውቀስ ይከብዳል። በ1944 ከ10,000 በላይ ከባድ ፀረ አውሮፕላን መድፎች የጀርመንን ከተሞች ሲጠብቁ፣ ከሰው እጥረት የተነሳ ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ አጠገባቸው ተሰልፈው ነበር። በ6,000 ሜትር ከፍታ የሚበር ቦምብ ጣይ ላይ ጥይቱ ለመድረስ ከ10 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል፤ አውሮፕላኑ በዚህ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጀርመኖች ራሳቸው ባሰሉት መሠረት አንድ አውሮፕላን ለመጣል ከመደበኛው 88 በአማካይ 16,000 ጥይት ይተኮስ ነበር። አንድ ማቲልዳ ደግሞ በአንድ ወይም በሁለት ጥይት ይቆማል። ቁጥሩን ያየ እግረኛ መኮንን መድፉን ወደ ግንባር ስጡኝ ቢል አይገርምም፤ ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት የሃምቡርግ ነዋሪ ግን ይህን ስሌት አይቀበለውም።

እንግሊዞች አፈሙዛቸውን በሰፊው ያወረዱት ሰማዩ ሲለቅላቸው ነው። በ1944 እና በ1945 በጣሊያንና በምዕራብ አውሮፓ የጀርመን አውሮፕላን ብርቅ ሲሆን፣ ሥራ ፈት የሆኑት 3.7 ኢንቾች እንደ ሜዳ መድፍ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ይተኩሱ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ ጄትና ሚሳይል ከባዱን ፀረ አውሮፕላን መድፍ ጡረታ አወጡት፤ እንግሊዝ በ1955 የፀረ አውሮፕላን ዕዟን ጨርሳ በተነች።

ቀላሎቹ ግን አልሞቱም። ዲሽቃንና ዙ-23ን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ዙ-23 ሁለት በርሜል ያለው፣ 23 ሚሊ ሜትር የሶቪየት ፀረ አውሮፕላን መድፍ ነው፤ ክብደቱ አንድ ቶን አይሞላም፣ በፒክአፕ ላይ ይጫናል። በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያ አውሮፕላኖች ስለነበሩ መድፉ የሚጠብቀው ሰማይ ነበረው። በሰሜኑ ጦርነት ግን የደርግ ሠራዊት የሚዋጋቸው ኃይሎች አንድም የጦር አውሮፕላን አልነበራቸውም፤ ዙ-23ን ይዞ ከተራራ ተራራ የተጓዘው መድፈኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያነጣጥረው ወደ ምሽግና ወደ ገደል ነው። መድፉ ሲማረክ ደግሞ ከአዲሶቹ ባለቤቶቹ ዘንድ የተሠራበትን ዓላማ መልሶ አገኘ፤ ሚግ ሲመጣ ወደ ላይ፣ ሚጉ ሲሄድ ወደ ደርግ ምሽግ ይተኩስ ነበር።